የእርጉዝ ሴት ሆድ ባለቤት ይኑረው

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ፣
በከተማዋ ዳር ባሉ ጤና ጣቢያዎችና ድንገተኛ ክፍሎች ለምትሠሩ ባለሙያዎች፣
እንዲሁም ለአካባቢዬ ሰዎች

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። አስተማሪ ነኝ፤ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ዓመት ከአምስት ወር የሆናት ልጅ አለችኝ። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተኝታለች። እሷ የአምስት ወር ጽንስ ሳለች እኔ ትርፍ አንጀቴን ታምሜ ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለታችንም ተርፈናል። ግን ሕመሙ ከጀመረኝ ሰዓት አንስቶ ቀዶ ጥገና ክፍል እስክገባ ድረስ 50 ሰዓት ገደማ አልፏል። ያ ሁሉ ሰዓት ማለፍ አልነበረበትም። የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ሰው ለመክሰስ አይደለም። የሄድኩበትን ክሊኒክም፣ ጤና ጣቢያም፣ ሆስፒታልም ስም አልጠራም። ያዩኝ ባለሙያዎች ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ደክሟቸው ነበር። ወረፋው ረጅም ነበር። ደግሞ እያንዳንዳቸው የየድርሻቸውን ሠርተዋል። ችግሩ እዚያ ላይ ነው፤ ሁሉም የየድርሻውን ሠርቶ እኔ ግን መሀል ላይ ቀረሁ።

ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት አካባቢ ነው የጀመረኝ። ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። እምብርቴ ዙሪያ ድፍን ያለ ቁርጠት ተሰማኝ። ምሳ ሽሮ ነበር የበላሁት፤ እሱን ጠረጠርኩ። እናቴ ደግሞ ብርድ ነው አለች። ዝንጅብል አፈላችልኝ። ዳማከሴ ጨምቃ ልትሰጠኝ ስትል ለጽንሱ ፈርቼ እምቢ አልኩ። ምድር ቤት ያሉት ጎረቤታችን መጡ። አራት ልጆች ወልደው አሳድገዋል። «አይዞሽ ልጄ፣ ሲገላበጥ ነው፤ እኔንም እንዲህ ያደርገኝ ነበር» አሉኝ። ደስ አለኝ። ሰው ለሕመሙ ምክንያት ሲያገኝለት የቀለለው ይመስለዋል።

ሌሊት ሦስት ጊዜ አስመለሰኝ። እሱንም ለእርግዝናው ሰጠሁት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሳስመልስ ነው የከረምኩት፤ የተመለሰብኝ መሰለኝ። ግን አንድ ነገር ልብ ልል ይገባኝ ነበር። በእነዚያ ወራት ማስመለስ እንጂ ሕመም አልነበረም። አሁን ሕመሙ ቀድሞ ነው ማስመለሱ የተከተለው። ይህን ልዩነት ያን ጊዜ ማንም አልነገረኝም፤ ማንም አልጠየቀኝምም።

እሁድ ጠዋት ሕመሙ ቦታ ለወጠ። ወደ ቀኝ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ሽንት ቤት ለመሄድ ጎንበስ ብዬ ነው የተራመድኩት። ሳስል ይወጋኛል። ባለቤቴ የጎረቤት መኪና ለምኖ ይዞኝ ሲሄድ፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር እጮሃለሁ። መንገዳችንን ለምታውቁት፣ ስንት ጊዜ እንደጮህኩ ገምቱት። ከጊዜ በኋላ እንደተረዳሁት ይህ ራሱ ምልክት ነው። መኪና ሲያንገጫግጭ የሚብስ የሆድ ሕመም ሆድ ዕቃን የሸፈነው ስስ ሽፋን መቆጣቱን ይጠቁማል። ለሐኪም ቢነገር የሚጠቅም ነገር ነው። እኔ ግን የመንገዱ ጥፋት ብቻ መስሎኝ አልተናገርኩም።

እሁድ ክፍት ያገኘነው አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ሽንትና ደም ሰጠሁ። «ሽንትሽ ላይ ትንሽ ኢንፌክሽን አለ፤ ታይፎይድም አሳይቷል» ተባልኩ። መድኃኒት ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሆዴን በእጁ የነካ ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ እኔም ተሳስቻለሁ። የተቆጣ ትርፍ አንጀት ለሽንት ቱቦና ለፊኛ ቅርብ ሲሆን እነሱንም ያስቆጣል። ስለዚህ ሽንት ላይ ኢንፌክሽን የሚዋጋው ነጭ የደም ሴል ሊታይ ይችላል። ያ ማለት በሽታው የግድ የሽንት ነው ማለት አይደለም። በየክሊኒኩ የሚሠራው የታይፎይድ የደም ምርመራም ከዓመታት በፊት ያለፈ ሕመም ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። በእኛ ሀገር ትኩሳትና የሆድ ሕመም ይዞት የሄደ ሰው ታይፎይድ ሳይባል የሚመለስበት ቀን ጥቂት ነው። ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ሲጻፍ ሁላችንም እፎይ እንላለን። ፍለጋው እዚያ ላይ ይቆማል።

እሁድ ማታ ብርድ ብርድ አለኝ፤ ከዚያ አተኮሰኝ። ሰኞ በጠዋት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አዋላጇ የጽንሱን የልብ ምት አዳመጠች። «ልጅሽ ደህና ነው፣ አትፍሪ» አለችኝ። ድምጿ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፤ እንደ እህት ነበር ያናገረችኝ። ትኩሳቴን ስትለካ ግን ፊቷ ተለወጠ። ሪፈር ጻፈችልኝ። አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ወጥቷል። ጠብቁ ተባልን፤ ባለቤቴ አልጠበቀም፤ ያንኑ የጎረቤት መኪና ለመነ። ሰኞ ጠዋት ከአባዶ ተነስቶ መገናኛን ማለፍ ምን እንደሚመስል ለአዲስ አበባ ሰው አላስረዳም።

ሆስፒታል የደረስኩት 5 ሰዓት ላይ ነው። የመጀመሪያው ሰው ሆዴን አየና «እርጉዝ ነሽ? ወደ ማህፀንና ጽንስ» አለኝ። ሄድኩ። እዚያ መረመሩኝ። ማህፀኔ ደህና ነው፤ የማህፀን በር አልተከፈተም፤ ደም የለም፤ ምጥ አይደለም። «ይህ የኛ አይደለም፤ የቀዶ ጥገና ሐኪም ይይሽ» ተባልኩ። ወደ ቀዶ ጥገና ሄድኩ። እዚያ ደግሞ «እርጉዝ ስለሆንሽ መጀመሪያ የማህፀን ሐኪም አይቶሽ ይጻፍልን» አሉኝ። አይተውኛል ስል ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። ባለቤቴ ወረቀቱን ይዞ ሮጠ። ወረፋ ነው። አልትራሳውንድ ታዘዘ። እሱም ወረፋ ነው። በመጨረሻ ተነሳሁ፤ ውጤቱ «ትርፍ አንጀቱ አልታየም» ይላል። ይህችን ወረቀት ያየ ሁሉ ትርፍ አንጀት አይደለም ብሎ አነበባት።

አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም። የአንድ አስተማሪ ቋንቋ ነው ብላችሁ አትለፉት። በአልትራሳውንድ ትርፍ አንጀትን ማየት በማንኛውም ሰው ላይ ቀላል አይደለም። እርግዝናው ሲገፋ ደግሞ ማህፀኑ ይጋርደዋል፤ ከቦታውም ወደ ላይ ሊገፋው ይችላል። ብዙ እርጉዞች ላይ ጭራሽ አይታይም። ከታየና ካበጠ መልስ ነው። ካልታየ ግን ጥያቄው እንዳለ ነው፤ ሌላ መንገድ መፈለግ አለበት። በማግኔት የሚያነሳው ኤምአርአይ ጨረር የለውም፤ ቢገኝ ይመረጣል። እሱ ከሌለና ጥርጣሬው ከከበደ በጨረር የሚያነሳው ሲቲ ስካንም ይታዘዛል። የአንድ ጊዜ የሆድ ሲቲ ስካን ለጽንሱ የሚያደርሰው ጨረር አብዛኛውን ጊዜ ለጉዳት መነሻ ከሚባለው ከ50 ሚሊግሬይ (የጨረር መለኪያ ነው) በታች ነው። የደም ምርመራውም ቢሆን ብቻውን አይፈርድም። እርጉዝ ባልሆነ ሰው ነጭ የደም ሴል ከ11 ሺህ ሲያልፍ ያሳስባል። በእርግዝና ግን ምንም ሕመም ሳይኖር 15 ሺህ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ የሚቀረው የሐኪም እጅ ነው። አንዴ ዳስሶ የሚሄድ ሳይሆን ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሶ የሚዳስስ እጅ።

ያ እጅ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ መጣልኝ። ወጣት ሐኪም ናት፤ ገና ስፔሻላይዝ እያደረገች ነበር። ኮሪደር ላይ ወንበር ይዤ ተጎንብሼ አየችኝ። ማን ላከሽ፣ የት ነው ካርድሽ አላለችኝም። «መቼ ጀመረሽ? የት ጀመረሽ? አሁንስ የት ነው?» አለችኝ። በሁለት ቀን ውስጥ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በተርታ የጠየቀኝ የመጀመሪያዋ ሰው ናት። አልጋ ላይ አስተኛችኝ። ቀኝ ጎኔን፣ ከእምብርቴ ትይዩ ማለት ይቻላል፣ ቀስ ብላ ተጫነችና ድንገት ለቀቀችኝ። የአልጋውን ብረት ያዝኩ። ከዚያ እጇን እዚያው ቦታ መልሳ «አሁን በግራ ጎንሽ ዙሪ» አለችኝ። ዞርኩ። «ሕመሙ አብሮሽ ዞረ ወይስ እዚያው ነው?» እዚያው ነበር።

ኋላ ላይ አስረዳችኝ። በግራ ስንዞር ማህፀን ወደ ግራ ይወድቃል። ሕመሙ የማህፀን ከሆነ አብሮ ይሄዳል። እዚያው ከቀረ ከማህፀን ውጪ ያለ ነገር ነው። መሣሪያ አይፈልግም። መብራት ቢጠፋ እንኳ ይሠራል። ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ ባያደርግም የቱን በር ማንኳኳት እንዳለብን ይናገራል። ከእሁድ ጠዋት ጀምሮ ይህን ማድረግ ይቻል ነበር።

ስልክ አውጥታ የማህፀን ሐኪሙንም የቀዶ ጥገናውን ሲኒየርም ጠራች። ሁለቱ አልጋዬ አጠገብ ቆመው አብረው አዩኝ። ሁለቱን ሰዎች አንድ አልጋ አጠገብ ለማቆም ሩብ ሰዓት አልፈጀም። እኔና ባለቤቴ ግን በሁለቱ ክፍሎች መካከል ከ7 ሰዓት በላይ ተመላልሰናል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ፊርማው።

ለቀዶ ጥገናው የስምምነት ወረቀት ቀረበ። ባለቤቴ እስክሪብቶውን ይዞ ቆመ። አማቼ ከገጠር መጥተው ነበር። «ጽንስ ያለበት ሆድ በቢላ ይከፈታል እንዴ? በመርፌ ይታከም። ጸበል እንውሰዳት» አሉ። ያለቅሱ ነበር። በሳቸው አልፈርድም። በልጅነታቸው ሰፈር ሆዱ ተከፍቶ የተመለሰ ሰው አያውቁም። እኔም ፈርቼ ነበር። ሁላችንም ያሰብነው ኦፕራሲዮን ልጁን የሚገድል፣ መጠበቅ ደግሞ ልጁን የሚያተርፍ አድርገን ነው።

የቀዶ ጥገናው ሐኪም ወንበር ስቦ ከአማቼ ፊት ተቀመጠ። «እማማ፣ የምንፈራው ቢላውን አይደለም፤ መፈንዳቱን ነው» አላቸው። ቁጥሩን ነገረን። በሕክምና መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ሲጻፍ የኖረው፣ ትርፍ አንጀቱ ሳይፈነዳ ከወጣ ጽንሱ የመጥፋት ዕድሉ ከመቶ ከ3 እስከ 5 አካባቢ ነው። ከፈነዳና መግሉ ሆድ ውስጥ ከተረጨ ግን ከመቶ ከ20 እስከ 35 ይደርሳል። አዳዲስ ጥናቶች ከዚህ ዝቅ ያሉ ቁጥሮችን ያሳያሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ግን አልጠፋም። የሚፈነዳበት ዕድል ደግሞ ሕመሙ ከጀመረ 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ እየጨመረ ይሄዳል። እኔ ሁለት ቀን ሞልቼ ነበር። ባብለር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1908 ይህንኑ ጽፎታል፤ በእርግዝና ላይ የሚመጣ ትርፍ አንጀት የሚገድለው በመዘግየት ነው ብሎ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

አማቼ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ «ጸበሉንስ?» አሉ። «ከዳነች በኋላ አብረን እንሄዳለን» አላቸው። ፈረምን።

በመርፌ ብቻ ስለመታከምም ጠይቀን ነበር። እርጉዝ ባልሆኑ ሰዎች ላይ ያልተወሳሰበ ትርፍ አንጀትን በአንቲባዮቲክ ብቻ ማከም ተጠንቷል፤ ለአንዳንዶች ይሆናል። ለእርጉዝ ግን የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። ባይሠራ የሚከፈለው ዋጋ የሁለት ሰው ነው። ቀዶ ጥገናውም ስንት ወርሽ ነው ሳይባል ነው የሚሠራው። ሊጠብቅ የሚችል ቀዶ ጥገና ቢሆን ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ያለው ጊዜ ይመረጣል። ትርፍ አንጀት ግን ወር አያስመርጥም። በሁለተኛው ወርም በስምንተኛውም ይወጣል።

ቀዶ ጥገናው ራሱ የሠጋነውን ያህል አልነበረም። ጀርባዬ ላይ በሚወጋ መርፌ ከወገቤ በታች አደነዘዙኝ። ነቅቼ ነበር። አልጋውን ትንሽ ወደ ግራ አዘነበሉት። በጀርባ ቀጥ ብሎ ሲተኛ ማህፀኑ ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫናል፤ የእናትየው ግፊት ሲወርድ ለጽንሱ የሚደርሰው ደምም ይቀንሳል። ከመጀመራቸው በፊት የልብ ምቷን አሰሙኝ። ሲጨርሱም አሰሙኝ። ከአንድ ሰዓት በታች ነው የፈጀው። ትርፍ አንጀቴ አብጦ፣ ጫፉ ጠቁሮ ነበር። አልፈነዳም። «ለጥቂት» አለችኝ ያቺ ወጣት ሐኪም፤ ጭንብሏ ላይ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየኝ።

የእኔ በቀኝ ጎን፣ አንድ ቦታ ላይ ተከፍቶ ነው የተሠራው። በካሜራና በትንንሽ ቀዳዳዎች የሚሠራውም፣ የሠለጠነ ሐኪምና መሣሪያው ካለ፣ በየትኛውም የእርግዝና ወር ሊሠራ ይችላል። እኛ ጋ በየሆስፒታሉ አይገኝም። ስለሌለ ግን መጠበቅ አያስፈልግም፤ የተለመደው መንገድ ያድናል።

በአራተኛው ቀን ቤቴ ገባሁ። ለተወሰኑ ቀናት ሆዴ ጠንከር ጠንከር ይል ነበር፤ ምጥ እንዳይመጣ ተከታተሉኝ፤ አልፎ ሄደ። በ39ኛው ሳምንት በምጥ ወለድኳት። «ኦፕራሲዮን ሆነሽ እንዴት በምጥ ወለድሽ?» የማይለኝ ሰው የለም። የትርፍ አንጀት ቁስል ማህፀን ላይ አይደለም። በራሱ ለሲ-ሴክሽን ምክንያት አይሆንም። ይህን ለሰፈሬ ሴቶች ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ አልቆጠርኩትም።

እንግዲህ ወደ ቢሮው ጉዳዬ።

ይህ ሕመም ብርቅ አይደለም። በእርግዝና ጊዜ ከወሊድና ከማህፀን ጋር ሳይያያዝ ድንገተኛ ቀዶ ጥገና ከሚያስፈልጋቸው ሕመሞች ትርፍ አንጀት ቀዳሚው ነው። ከ1,500 እርግዝናዎች በአንዱ ገደማ ይከሰታል፤ ከዚያ ከፍ የሚያደርጉትም አሉ። አባዶ፣ አያት፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ጀሞ። በእነዚህ የከተማ ዳርቻዎች ስንት ወጣት ባልና ሚስት እንዳለ እናንተ ታውቃላችሁ። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው አብዛኛው ገና ልጅ የሚወልድ ነው። በየብሎኩ እርጉዝ አለች።

የምለምነው ዋናው አንድ ነገር ነው። የሆድ ሕመም ይዟት ድንገተኛ ክፍል የገባች እርጉዝ ሴት ከዚህ ክፍል ወደዚያ ክፍል አትላክ። ሐኪሞቹ ወደ እሷ ይምጡ። የማህፀንና የቀዶ ጥገና ሐኪም አንድ አልጋ አጠገብ፣ በዚያው ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ አብረው ይዩአት። ማን እንደሚጠራቸው በግልጽ ይጻፍ፤ ተቀባይዋ ነርስም የመጥራት ሥልጣን ይኑራት። «የኛ አይደለም» ያለው ክፍል «የማን ነው» የሚለው ሳይመለስ አይልቀቃት። ይህ አዲስ ሕንጻ አይጠይቅም። አዲስ መሣሪያም አይጠይቅም። እኔን ያተረፈኝ የሁለት ስልክ ጥሪ ነው። ግን የአንዲት ሐኪም ደግነት ሆኖ መቅረት የለበትም። እሷ ያን ምሽት ተረኛ ባትሆንስ?

ሁለተኛው ሪፈሩ ነው። ወረቀት ብቻውን ሰው አያደርስም። ጤና ጣቢያው ሲልክ ይደውል። ሆስፒታሉ እየመጣች መሆኗን ይወቅ። ያቺ አዋላጅ የጻፈችውን ሪፈር ሆስፒታል ውስጥ ማን እንዳነበበው አላውቅም፤ በየበሩ ከመጀመሪያው ነው የጠየቁኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው፣ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ዓለም አቀፍ የቀዶ ጥገና ኮሚሽን ሪፖርት፣ ሰው አስቸኳይ ቀዶ ጥገና ወደሚያገኝበት ተቋም በሁለት ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት ብሏል። በካርታ ላይ እኔ ከሁለት ሰዓት በታች ነኝ። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ሆኜ ግን ሐኪሙ ጋ ለመድረስ ከ8 ሰዓት በላይ ፈጅቶብኛል። ይህን ርቀት ካርታ አያሳየውም።

ሀገራችን በዚህ ጉዳይ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። የጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2009 ጤና መኮንኖችን በድንገተኛ ቀዶ ጥገናና ማዋለድ ማሠልጠን ጀምሯል። በስንቱ ወረዳ ሆስፒታል ሰው እያተረፉ ያሉት እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ደህንነቱ የተጠበቀ ቀዶ ጥገናን ለማስፋት ሀገራዊ ንቅናቄ ይፋ አድርጓል። ሥራው ተጀምሯል። እኔ የምለው፣ ዋና ከተማው ዳር ላለችው እርጉዝም ይድረሳት ነው። ከተማ ውስጥ ስለሆነች ሁሉ ነገር ቅርቧ ነው ተብላ አትዘለል።

ሦስተኛው ትምህርቱ ነው። የእርግዝና ክትትል ስናደርግ አደገኛ ምልክቶችን ያስተምሩናል። ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ ከባድ የሆድ ሕመም። ጥሩ ነው። ግን የሆድ ሕመም ሲባል ሁላችንም ምጥ ነው የምንሰማው። ምጥ ይመጣል፣ ይሄዳል። መጥቶ ሳይሄድ አንድ ቦታ የቆመ ሕመምስ? ቦታ ቀይሮ ወደ ቀኝ የሄደስ? አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩልን። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን ቤት ለቤት ሲመጡ፣ የነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ ሲኖር ይነገር። ባሎችም ባሉበት ቢሆን ጥሩ ነው። ፊርማው ላይ የሚቆሙት እነሱ ናቸው።

ለጎረቤቶቼም አንድ ሁለት ነገር አለኝ። ዝንጅብሉንም፣ አይዞሽንም አትተዉ። ደግ ነገር ነው። ግን እርጉዝ ሴት ሆዷን አሟት ጥቂት ሰዓት አልፎ ካልተሻላት፣ ካስመለሳት፣ ካተኮሳት፣ ምግብ ካስጠላት፣ ስትራመድ ከተጎነበሰች፣ «ሲገላበጥ ነው» ብላችሁ አታስተኟት። ሰሞኑን አንዷ ወጣት ጎረቤታችን ሆዷን ሲያማት ያው ምድር ቤት ያሉት እናት ራሳቸው ናቸው «ተነሺ፣ ሐኪም ሆድሽን በእጁ ይይሽ» ብለው ያስነሷት። የእሷ የሽንት ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ፤ ታክማ ዳነች። ማጣራቱ አልጎዳትም። መኪና ከሌላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ላይ ደውሉ። የሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ መቼ እንደጀመረ፣ የት እንደጀመረ፣ ወዴት እንደሄደ ሳይጠይቃችሁም ንገሩት። «ልጁ ደህና ነው» ሲሏችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ቀጥላችሁ ግን «እኔስ?» በሉ።

ካርዴ፣ የአልትራሳውንድ ወረቀቴና የቀዶ ጥገናው ሪፖርት እጄ ላይ አሉ። ቢሮው ለማየት ቢፈልግ ይዤ እመጣለሁ። በአካባቢያችን ጤና ጣቢያ የነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ ሲኖርም ጥሩኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ትምህርት የለኝም። ልጄን አዝዬ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናት
የካ አባዶ፣ አዲስ አበባ